መጥፎዋ እንክብል

[አዳማ። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ አንድ የግል የማህፀን ክሊኒክ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የመጠበቂያው ክፍል ወንበሮች በሴቶች ሞልተዋል፤ ጣሪያው ላይ አንድ ቬንትሌተር እያቃሰተ ይዞራል። ጡረታ የወጣው የአምቡላንስ ሹፌር አብተው ደብተር በብብቱ ይዞ ቆሟል። ሚስቱ ተሻለች፣ የአንድ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ጸሐፊ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቬንትሌተሩ ስር ተቀምጣለች።]

አብተው፦ ተነሺ አልኩሽ እኮ! ከቬንትሌተሩ ስር ተነሺ!

ተሻለች፦ ለምን እነሳለሁ? ገና አሁን መቀመጤ ነው።

አብተው፦ ቀዝቅዘሽ ከገባሽ ዶክተሯ ምንሽን አይታ ነው የምታክምሽ? በሽተኛ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ትኩስ እንዳለ ነው። እዚያ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጪና ትንሽ ጋል በይ።

ተሻለች፦ ካውያ ነኝ እንዴ የምግል?

አብተው፦ ሃያ ሁለት ዓመት በሽተኛ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። እኔ የማላውቀው በሽታ የለም።

ተሻለች፦ አንተ ከፊት ነበር የምትቀመጠው። በሽተኛው ከኋላ።

አብተው፦ በመስታወት አየው ነበራ! በመስታወት አይቶ የሚለይ ሰው ደግሞ ከዶክተር ይበልጣል። ዶክተር ቆሞ ነው የሚያየው፤ እኔ እየነዳሁ ነው።

ተሻለች፦ እሱስ እውነትህን ነው። [ንቅንቅ አትልም።]

[አብተው ተስፋ ቆርጦ አጠገቧ ይቀመጣል። ደብተሩን ይገልጥና በረጅሙ ያዛጋል።]

ተሻለች፦ እንቅልፍህ መጣ?

አብተው፦ ማዛጋት ሁሉ እንቅልፍ ነው ያለሽ ማነው? ሳንባዬን እያናፈስኩ ነው። ይልቅ ስሚኝ። ውስጥ ስንገባ የምናገረው እኔ ነኝ። ያንቺ ሥራ ታማሚ መምሰል ብቻ ነው።

ተሻለች፦ ታማሚ የምመስለው እንዴት አድርጌ ነው?

አብተው፦ አንገትሽን ወደ ግራ ዘመም አድርጊው። እንደሱ። አፍሽን ዝጊ፣ ዓሣ መሰልሽ። በቃ እንደዚህ ሆነሽ ቆዪ።

ተሻለች፦ [አንገቷን እንዳዘመመች] ዶክተሯ ጥያቄ ብታበዛብህስ?

አብተው፦ እኔ ላይ? ታብዛዋ! እንዲያውም ልምምድ እናድርግ። አንቺ ዶክተር ኑሰይባን ሁኚ። እኔ ተሻለችን እሆናለሁ።

ተሻለች፦ እኔ ዶክተር ኑሰይባ ከሆንኩ ተሻለች የት ሄደች?

አብተው፦ ተሻለች እኔ ነኝ አልኩሽ!

ተሻለች፦ አብተውስ?

አብተው፦ አብተው… ውጪ ነው። መኪና እያቆመ ነው።

ተሻለች፦ በባጃጅ አይደል እንዴ የመጣነው?

አብተው፦ እንግዲያው ባጃጁን እያቆመ ነው! ጠይቂኝ በቃ!

ተሻለች፦ [አንገቷን ታቀናና ድምፅዋን ታወፍራለች] እትዬ ተሻለች፣ እንኳን ደህና መጡ። ምንዎን ነው የሚያምዎት?

አብተው፦ [አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ድምፁን አቅጥኖ] ኧረ ተይኝ ዶክተርዬ! የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመቴ ነው!

[ፊት ለፊት የተቀመጡ ሦስት ሴቶች አንድ ላይ ቀና ይላሉ።]

ተሻለች፦ ቀስ በል አንተ! ሰው ሰማህ።

አብተው፦ ይስማኛ! የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ምን ያሳፍራል? ከዚያ ሙቀት ጀመረኝ ዶክተር። ከደረቴ ተነስቶ አንገቴን፣ ጆሮዬን፣ ግንባሬን እንደ እሳት ይልሰኛል። ባሌ ግን አስተዋይ ሰው ስለሆነ አንድ ትልቅ ጥያቄ አነሳ።

ተሻለች፦ ምን ብለው?

አብተው፦ «ይሄ ሙቀት ያንቺ ነው ወይስ የናዝሬት?»

ተሻለች፦ አይ ባልዎ! እንዴት ለዩት ታዲያ?

አብተው፦ ብርድ አገር፣ አሰላ ይዞኝ ወጣ። ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥበት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ። እኔ በሳህን እያራገብኩ፣ ላቤ በጆሮ ግንዴ ይወርዳል። አስተናጋጇ አሳዝኛት ሹራቧን አውልቃ ለባሌ ደረበችለት።

ተሻለች፦ ለባልዎ?

አብተው፦ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበራ።

ተሻለች፦ እንግዲህ ሙቀቱ የሴትዮዋ መሆኑ ታወቀ።

አብተው፦ ምኑ ነው የታወቀው? ሙቀቱ የናዝሬት መሆኑ፣ ነገር ግን ሴትዮዋን ተከትሎ አሰላ ድረስ መውጣቱ ነው የተረጋገጠው። ለዚህ ነው በሳምንቱ ሶደሬ ወስዶ ፍል ውሃ ውስጥ የነከረኝ።

ተሻለች፦ እሳት የሚልሳትን ሴት ፍል ውሃ ውስጥ?

አብተው፦ ትንሹ ሙቀት ትልቁን ሙቀት ሲያይ ይፈራል ብሎ ነው።

ተሻለች፦ ፈራ?

አብተው፦ ተዋወቁ።

[አብተው እንደገና ያዛጋል። ተሻለች ዓይኑን ዓይኑን ታየዋለች።]

ተሻለች፦ ከዚያ እኔ ጋ መጡና ሁለት መድኃኒት አዘዝኩልዎት። ኢስትሮጅን እና ፕሮጀክተር።

አብተው፦ [ደንግጦ ወደ ገዛ ድምፁ ይመለሳል] ፕሮጄስትሮን! ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ፊልም የሚያሳየው ነው!

ተሻለች፦ እኔም እሷን ስውጥ ፊልም ነበር የሚታየኝ። ግድግዳው ሲዞር፣ ጣሪያው ሲወርድ።

አብተው፦ ዶክተር ሆነሽ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወራም። ጥሩዋ ኢስትሮጅን ናት፤ ሙቀቱን ያበረደችው እሷ ናት። መጥፎዋ ፕሮጄስትሮን ናት። ታዞራለች፣ ታስተኛለች፣ ሆድ ትነፋለች፣ ጡት ታሳምማለች፣ በማያስለቅስ ነገር ታስለቅሳለች። ሁሉንም እዚህ ደብተሬ ላይ በቁጥር ይዤዋለሁ።

ተሻለች፦ የቢሮውን ነገርስ ይዘኸዋል?

አብተው፦ የትኛውን የቢሮ ነገር?

ተሻለች፦ ፋርማሲው የፕሮጄስትሮኗ ከረጢት ላይ ዘጠኝ ቁጥር ጽፎ ነበር። አጠገቡ ሁለት የፈረንጅ ፊደል። አንብብልኝ ብዬ ሰጠሁህ።

አብተው፦ አነበብኩልሽ። ዘጠኝ ሰዓት። ፒ ኤም።

ተሻለች፦ ፒ ኤም ምን ማለት ነው ብልህ «ፕሮጄስትሮን መዋጫ» ማለት ነው አልከኝ።

አብተው፦ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ተሻለች፦ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ ዘጠኝ ነበራ! በእኛ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ልተኛ ስል! እኔ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ ባለጉዳይ ፊት እውጣለሁ። አንድ ቀን ማኅተሙን እንደያዝኩ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አልኩ። የማኅበሩ ማኅተም ጉንጬ ላይ ታትሞ ቤት መጣሁ።

አብተው፦ ቀኑና ቁጥሩም በደንብ ይነበብ ነበር። ጥሩ ማኅተም ነው።

ተሻለች፦ ሊቀ መንበሩ አቶ ሳሊህ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ማኅተም አድርጊበት አለኝ፣ አደረግኩበት። ከአሥራ ስምንት ዓመት ሥራ በኋላ ራሴን ያስጠነቀቅኩት ራሴ ነኝ! አንድ ጊዜ ቢደገም ከሥራ ትወጫለሽ ተባልኩ አብተው።

አብተው፦ እሱን ደብተሬ ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አሁን ወደ ልምምዱ ተመለሺ፤ ዋናው ቁም ነገር ገና ነው። የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ንገሪኝ በይኝ።

ተሻለች፦ [እንደገና ድምፅዋን አወፍራ] እትዬ ተሻለች፣ ያዞርዎታል?

አብተው፦ [እንደገና አቅጥኖ] ያዞረኛል ዶክተር። ትናንት ደረጃው ላይ ዓለም ዞረብኝና የብረቱን መደገፊያ አቅፌ ቆምኩ።

ተሻለች፦ ጡትዎንስ ያምዎታል?

አብተው፦ ኧረ ዋ! ሸሚዝ ሲነካኝ ያንገበግበኛል። ትናንትና የባጃጁ ልጅ «ጋሼ ሂሳብ» ብሎ ደረቴን መታ ሲያደርገኝ ዓይኔ ውስጥ ኮከብ ታየኝ።

ተሻለች፦ ሆድዎስ?

አብተው፦ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኝ በገመድ ነው ያሰርኩት።

ተሻለች፦ ሱሪ ይለብሳሉ እትዬ ተሻለች?

አብተው፦ ማለቴ… ቀሚሴ።

ተሻለች፦ ቀሚስዎን በገመድ?

አብተው፦ ጥያቄ ታበዣለሽ!

ተሻለች፦ ዶክተር አይደለሁ? ትጠይቀኛለች ብለህ አይደል ያለማመድከኝ? ለቅሶስ እንዴት ነው?

አብተው፦ [ድምፁ ይሰበራል] ለቅሶማ አይነሳ። ከትናንት ወዲያ ገበያ ዳር አንድ ሐብሐብ ከጋሪ ላይ ወድቆ ተከፈለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ቀዩ ሆዱ ፀሐይ ላይ… [በእጅጌው ዓይኑን ይጠርጋል] ማንም አላየውም ተሼ።

ተሻለች፦ እህ። [ከቦርሳዋ መሀረብ አውጥታ ትሰጠዋለች።] እሺ፣ ይሄ ሁሉ ችግር ሲደርስ ምን አደረጋችሁ?

አብተው፦ [መሀረቡን እንደያዘ ደረቱን ነፋ ያደርጋል] እዚህ ላይ ነው ባሌ ታሪክ የሠራው! «ሁለት እንክብል አለሽ፤ ጥሩዋን ዋጪ፣ መጥፎዋን ተዪያት» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ነቃሁ! ማዞሩ ጠፋ፣ እንቅልፉ ጠፋ፣ ለቅሶው ቆመ። ዶክተር፣ እርስዎ ስምንት ዓመት የተማሩትን ባሌ በአንድ ቀን ደረሰበት። ዛሬ የመጣነው ይሄንን ልንነግርዎት ነው።

ተሻለች፦ ፕሮጄስትሮኗን አቁመው ኢስትሮጅኗን ብቻ ነው የሚውጡት?

አብተው፦ ብቻዋን! ሁለት ወር ሞላኝ!

ተሻለች፦ ማህፀን አለዎት?

አብተው፦ አለኝ! ምን ማለትሽ ነው?

[ከሴቶቹ አንዷ ሳል ይይዛታል።]

ተሻለች፦ ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ለብቻዋ አትወስድም። ኢስትሮጅን የማህፀኑን ግድግዳ ታወፍረዋለች። እንዳይወፍር የምትጠብቀው ያቺ መጥፎ ያሏት ናት። ጠባቂ ከሌለ ግድግዳው እየወፈረ፣ እየወፈረ፣ ሲቆይ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

አብተው፦ [እየሳቀ] ተዋጣልሽ! የምር ዶክተር መሰልሽ! ከየት አመጣሽው ይሄን?

ተሻለች፦ ከዶክተር ኑሰይባ።

አብተው፦ ስትቀልጂ ነው?

ተሻለች፦ ስትነግረኝ አልቀለደችም።

[ቬንትሌተሩ ያቃስታል። የአብተው ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ደብተሩ ከጉልበቱ ላይ ይወድቃል።]

አብተው፦ ሁለት ወር… ተሼ፣ ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው። እኔ ነኝ ተዪያት ያልኩሽ።

ተሻለች፦ አንተ ነህ።

አብተው፦ ተነሺ! አሁኑኑ እንግባ! ተራ የሚባል ነገር የለም! [ብድግ ይልና ያዞረዋል፤ ተመልሶ ይቀመጣል።] እህቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ ባለቤቴ ድንገተኛ ናት! ስንቱን በሰላም አድርሼ፣ የገዛ ሚስቴን እኔው ራሴ… [ያለቅሳል።]

ተሻለች፦ አብተው። ተቀመጥ።

አብተው፦ ተቀምጫለሁ እኮ!

ተሻለች፦ ዝም በልና ስማኝ። ተዪያት ስትለኝ እሺ አልኩህ። እሺ የምልህ እንድትተኛ ነው እንጂ ልሰማህ አይደለም። ማኅተሙ ጉንጬ ላይ ከታተመ ማግስት ለብቻዬ እዚህ መጥቻለሁ። ዶክተሯ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካከለችልኝ፤ ልትተኚ ስትይ ብቻ ዋጫት አለችኝ። ማዞሩ ያኔውኑ ቀነሰልኝ፤ ቢያዞረኝም ተኝቼ ነው፣ አላየውም።

አብተው፦ ለቅሶውስ?

ተሻለች፦ ለቅሶውና የሆዴ መነፋት እምቢ አለ። ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ አይቼ ያለቀስኩ ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። «አቋርጬ ልገላገላት?» አልኳት። እንዳታደርጊው አለችኝ፤ መንገዱ ብዙ ነው። ዓይነቱ ይቀየራል፣ በአፍ መዋጡ ቀርቶ በታች የሚገባበት መንገድ አለ፣ ሆርሞኑን እዚያው ማህፀን ውስጥ ቁጭ ብሎ በትንሽ በትንሹ የሚሰጥ ሉፕም አለ። ለኔ ሉፑ ተመረጠልኝ። አንተ ቆቃ ዓሣ ልታመጣ የሄድክ ሐሙስ መጥቼ አስገባሁት።

አብተው፦ ያን ዕለት ዓሣውን ስትጠብሺ ወገቤን ብለሽኝ አልነበር?

ተሻለች፦ ዓሣው ከበደኝ ብዬህ ነበር። ስለዚህ ጠባቂዬ በቦታዋ ናት። ቢሮ አልተኛም፣ አላለቅስም። የነቃሁት በሉፑ ነው።

አብተው፦ [ረጅም ትንፋሽ ያወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ቅር ይለዋል] እንግዲያው እኔ ያስቆምኩሽ ነገር ምንም አልሠራም ማለት ነው?

ተሻለች፦ ምንም።

አብተው፦ ትንሽም?

ተሻለች፦ ትንሽም።

አብተው፦ የእድሩ ኮሚቴ ሁሉ ፊት ነው እኮ ያወራሁት! የእድሩ ሴቶች ምክር እየጠየቁኝ ነው!

ተሻለች፦ አውቃለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ ይዤ እዚህ አምጥቻቸዋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋርማሲ እየጠፋ ያስቸግራል ብዬ ሁለት ፓኬት የፕሮጄስትሮን እንክብል ቀድሜ ገዝቼ ነበር። ሉፑን ካስገባሁ ጀምሮ አንድ ፍሬ አልዋጥኩም። እንክብሎቹ ግን በየቀኑ አንዳንድ ይጎድላሉ።

አብተው፦ [ጣሪያውን እያየ] ይሄ ቬንትሌተር ዘይት ይፈልጋል።

ተሻለች፦ መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ወጥመድ አጠመድኩ። አልያዘም። ከዚያ፣ ይሄን የበላ አይጥ መቼስ የሆነ ቦታ ተኝቶ ነው ብዬ አልጋ ስር ገብቼ ፈለግኩት።

አብተው፦ ጫማ ነው የምፈልገው አላልሽኝም?

ተሻለች፦ አይጥ ነበር።

አብተው፦ አገኘሽው?

ተሻለች፦ ከአልጋው በላይ እያንኮራፋ ነበር።

[አብተው መሀረቡን ያጣጥፋል፤ ይፈታል፤ እንደገና ያጣጥፋል።]

አብተው፦ …ዕቃ ይባክናል ብዬ ነው።

ተሻለች፦ አብተው።

አብተው፦ አንቺን እንደዚያ ስታስተኛሽ አየኋታ! አሥር ደቂቃ አትሞላም፣ ድብን ትያለሽ። እኔ አጠገብሽ ጣሪያ እየቆጠርኩ አነጋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በደወል ስነሳ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሚደውል የለም፣ እኔ ግን እየነቃሁ እጠብቃለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ሳይረኑ ይጮህብኛል። መድረስ ነበረብኝ እላለሁ። የት እንደሆነ ግን አላውቀውም።

ተሻለች፦ ለምን አልነገርከኝም?

አብተው፦ ስለ ሁሉም ነገር አውቃለሁ ስል ኖሬ፣ መተኛት አቃተኝ ብዬ ልንገርሽ?

ተሻለች፦ [እጁን ትይዘዋለች] ለኔማ መንገር ትችል ነበር። እኔ እንደሆንኩ ስትተኛም ስትነቃም አይቼሃለሁ።

አብተው፦ የመጀመሪያውን ማታ ዋጥኳት። ተሼ፣ ሳይረኑ ጠፋ! ገነት ነበር! ከዚያ ደረቴ ጀመረ። ሆዴ ጀመረ። የእድር ስብሰባ ላይ ድጋፍ ያላችሁ እጅ አውጡ ሲባል እጄን እንዳወጣሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ሳልነቃ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ። ከዚያ ሐብሐቡ። እድሜ ነው አልኩ። ውሃው ነው አልኩ። ዓሣው ነው አልኩ።

ተሻለች፦ እንክብሏ ትሆን እንዴ አላልክም?

አብተው፦ እሷ የሴት ናት እኮ! የሴት መድኃኒት ወንድን በምኑ ያውቀዋል?

[በሩ ይከፈታል። ነርሷ ሲስተር ፋዲላ ታብሌት ይዛ ብቅ ትላለች።]

ፋዲላ፦ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ? ቀጣዩ ተረኛ… አቶ አብተው ጌጡ! ክፍል አራት!

[ሴቶቹ ሁሉ ወደ አንዱ ወንድ ይዞራሉ።]

አብተው፦ ሲስተር፣ ስም ተሳስታችኋል። እኔ አስታማሚ ነኝ። ታማሚዋ እሷ ናት።

ፋዲላ፦ ካርዱ ላይ ግን አብተው ጌጡ ነው የሚለው አባቴ።

አብተው፦ [ወደ ተሻለች ዞሮ] በኔ ስም ካርድ አወጣሽ? የማህፀን ክሊኒክ?!

ተሻለች፦ ዶክተሯ ጋ ደውዬ እንክብሎቹ እንደሚጎድሉ ስነግራት «የዋጠውን ሰው ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። ይዤህ መጣሁ።

አብተው፦ እኔ እኮ አንቺን ይዤሽ የመጣሁ መስሎኝ ነው!

ተሻለች፦ እንደዚያ ካልመሰለህ መቼ ትመጣ ነበር?

ፋዲላ፦ ብዙም አይቆዩም አባቴ። ዶክተር ኑሰይባ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያቆሙ ይነግሩዎታል፤ ለእንቅልፉ ደግሞ ሌላ ሐኪም ጋ ይልኩዎታል። ብቻ መጀመሪያ ይሄን ፎርም ልሙላ። [ታብሌቷን ትነካካለች።] ጾታ… ሲስተሙ ሴት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ለዛሬ ይታገሱኝ። ስንት ልጅ ወልደዋል?

አብተው፦ ሦስት።

ተሻለች፦ እኔ ነኝ የወለድኳቸው!

አብተው፦ ሆስፒታል ያደረስኩት ማነው?

ፋዲላ፦ ሦስት ብዬዋለሁ። የመጨረሻው የወር አበባ መቼ ነበር?

አብተው፦ ምን?

ፋዲላ፦ ካልሞላሁት አያሳልፈኝም አባቴ።

[ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ እጇን ታወጣለች።]

ሴትየዋ፦ ሁለት ዓመታቸው ነው ሲስተር። ቅድም ሲናገሩ ሰምተናል።

ፋዲላ፦ ተባረኪ። አሁን የመጨረሻው ጥያቄ። የመጡበት ችግር ምንድነው?

[አብተው ወደ ተሻለች ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ከሚስቱ ይጠብቃል።]

ተሻለች፦ የጎንዮሽ ጉዳት።

ፋዲላ፦ መድኃኒቱ የታዘዘው ለእርስዎ አይደለም እንዴ እናቴ?

ተሻለች፦ ለኔ ነው የታዘዘው። ጉዳቱ የደረሰው ግን ከጎኔ የሚተኛው ላይ ነው። የጎንዮሽ ማለት እንደዚህ አይደል?